«ባትሪው አይዝም»፤ ስለ ይዘት፣ ስለ ሙላትና ስለ ድካም አሰያየም

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለተርጓሚዎች ከሚቀርቡት የቴክኒክ ሰነዶች መካከል በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች መመሪያ፣ የዋስትና ወረቀትና የሽያጭ ውል ቁጥሩ እየበዛ መጥቷል። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ተደረጉ፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ዕቃው ሲገባ ስሙም አብሮት ይገባል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ ሰፊ ጉዳይ ውስጥ አንዱን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም ያረጀ ባትሪ ምን ያህል መያዝ እንደሚችል ሲመረመር የምንናገርባቸውን ቃላት ነው። ለምሳሌነት የመረጥነውም ከሶኬት ተሰክቶ የሚሞላ ባትሪና የነዳጅ ሞተር አጣምሮ የያዘውን፣ በተለምዶ «ሃይብሪድ» የሚባለውን መኪና ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ መኪና ባትሪው ሲያረጅ ባለቤቱን መንገድ ላይ በማስቀረት ራሱን ያጋልጣል፤ ሃይብሪዱ ግን ባትሪው ሲያልቅበት ሞተሩን አስነሥቶ ጉዞውን ስለሚቀጥል እርጅናው በነዳጅ ወጪ ተሸፍኖ ይኖራል። ነገሩ ከዐይን የተሰወረ በመሆኑ ሻጭና ገዢ የሚተማመኑበት ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉ አሻሚ ከሆነ ደግሞ የሚተማመኑበት የለም ማለት ነው።

አንድ ሰው በሾላ ገበያ አካባቢ ለሽያጭ የቀረበ፣ ዐሥር ዓመት ያገለገለ እንዲህ ያለ መኪና ሊገዛ ሄደ እንበል። ሻጩ መኪናውን ያስነሣና በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ምልክት እያመለከተ «ይኸው ጋሼ፣ ባትሪው መቶ በመቶ ነው» ይለዋል። ገዢው ባትሪው እንደ አዲስ ነው ብሎ ይረዳል፤ ዋጋውንም በዚያው ግምት ይቆርጣል። ሻጩ አልዋሸም፤ ማታ ተሰክቶ ያደረው ባትሪ በእርግጥ ሞልቷል። ምልክቱም የሚናገረው ባትሪው ዛሬ መያዝ ከሚችለው ውስጥ መቶ በመቶውን መያዙን እንጂ፣ አዲስ ሳለ ይይዘው ከነበረው ምን ያህሉን ዛሬም መያዝ እንደሚችል አይደለም። «ባትሪው መቶ በመቶ ነው» የሚለው አማርኛ ሁለቱንም ይሸከማል። ሻጩ አንደኛውን ተናገረ፤ ገዢው ሌላውን ሰማ።

ስለ ሁለቱ ነገሮች ልዩነት ለማንም የሾላ ገበያተኛ ማስተማር አያስፈልግም። በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ገበያ በቅቤው፣ በማሩ፣ በበርበሬውና በእህሉ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ በጣሳ የሚሰፈር ነገር ሲሸመት ገዢው የሚያየው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ጣሳው እስከ አፍ ገደፉ መሙላቱን ያያል፤ ቀጥሎም ጣሳውን ራሱን ይመለከታል፤ ግርጌው ወደ ውስጥ የገባ፣ ጎኑ የተጨረመተ እንደ ሆነ «እናቴ፣ ይኼ ጣሳ እኮ አይዝም፤ በሌላ ስፈሪልኝ» ይላል። ጣሳው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቢሆንም አይዝም። አማርኛ ለመስፈሪያው መሙላት አንድ ግስ፣ ለመስፈሪያው ልክ ደግሞ ሌላ ግስ አለው፤ ሞላና ያዘ። ከግዕዙ መልአና አኀዘ ጋር የሚዛመዱት እነዚህ ሁለት ግሶች በጣሳ፣ በቁና፣ በእንስራና በጋን ላይ ሲነገሩ አይደባለቁም። የተደባለቁት ወደ ባትሪ ሲመጡ ነው። እንዴት እንደ ተደባለቁ ማየት ለሥራችን ይጠቅማል።

«ባትሪ» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ ቀጥ ያለ ታሪክ የለውም። በሕዝቡ አነጋገር ባትሪ በቅድሚያ በእጅ የሚያዘው መብራት ነው፤ በውስጡ የሚገባው የኃይል ምንጭ «የባትሪ ድንጋይ» ወይም በአጭሩ «ድንጋይ» ይባላል። የመኪናው ግን ከመጀመሪያው ባትሪ ነው። ድንጋይ ሲያልቅ ይጣላል እንጂ አይሞላም፤ ስለዚህ በድንጋይ ዘመን የሙላትና የልክ ልዩነት አስፈላጊ አልነበረም፤ «ድንጋዩ አለቀ» ማለት ይበቃ ነበር። የመኪናው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ደግሞ ዋና ተግባሩ ሞተር ማስነሣት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብርቱ ኮረንቲ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። መካኒኩ ሞተሩ እያቃሰተ ሲዞር ሰምቶ «ባትሪው ደክሟል» ሲል በትክክል ሰይሞታል፤ የጎደለው ብርታት ነውና። ከዚያም የእጅ ስልክ መጣ። በስልክ ባትሪ ላይ ሕዝቡ «ቻርጅ አይዝም» ማለት ጀመረ። ይህ አነጋገር ማንም ሳያስተምረው ከጣሳና ከእንስራ ግስ ተነሥቶ ወደ ባትሪ የተሻገረ፣ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የተሻለ ስያሜ ነው። ይሁንና ተርጓሚዎች ወረቀት ላይ ሲያሰፍሩት «አቅሙ ቀንሷል» ወይም «ደክሟል» እያሉ ወደ ጥንቱ የእርሳስ ባትሪ አነጋገር ይመልሱታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ስለ ነገሩ ባሕርይ መናገር ያስፈልጋል፤ የነገሩን ባሕርይ ያላወቀ ቃሉን ሊመዝን አይችልምና። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የሊቲየም አዮን ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ የወጣው ነው። የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ከታተመበት ከ1962 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ዕቃ ስለሆነ በነባር መዝገበ ቃላት ስም አልወጣለትም ብሎ መውቀስ አይገባም። በዚህ ዐይነት ባትሪ ውስጥ የሊቲየም አዮኖች ሲሞላ ወደ አንዱ ወገን፣ ሲወጣለት ወደ ሌላው ወገን ይመላለሳሉ። ባትሪው በቆየና በሠራ ቁጥር በአሉታዊው ዋልታ ገጽ ላይ ቀጭን ድርብርብ ነገር እየተጋገረ የሊቲየሙን ከፊል ይዞ ያስቀራል፤ የተያዘው ሊቲየም ከእንግዲህ አይመላለስም። በጠላ ጋን ግርጌ የሚዘቅጠው አተላ የጠላውን ቦታ እንደሚሻማ ነው። ጋኑ ከውጭ ሲያዩት ያው ጋን ነው፤ የሚያጠጣው ሰው ቁጥር ግን ያንሳል። በዚህ ላይ የባትሪው የውስጥ መቋቋም እየጨመረ ይሄዳል፤ የዚህ ውጤት ደግሞ የሚይዘው መጠን ማነስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ብርታት ማነስ ነው። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ዳገት ላይ ሲረገጥ ሞተሩ ቶሎ የሚነሣበት ባትሪ ደክሟል፤ በደልዳላ መንገድ በዝግታ ሲነዳ ሳይቀር ቀድሞ ከሚያደርሰው በፊት የሚያልቅ ባትሪ አይዝም። «ደከመ» እና «አይዝም» ስለዚህ ተወራራሽ ቃላት አይደሉም። መካኒኩ ለጥንቱ ባትሪ ያወጣውን «ድካም» ለብርታት ማነስ ብቻ ብንተውለት ሙያው ያገኘው ልዩነት ይጠበቃል።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። አንድ ባትሪ ሊይዝ የሚችለውን መጠን ለመሰየም በሥራ ላይ የዋሉትን ቃላት አንድ በአንድ ብንመዝን የሚከተለውን እናገኛለን።

«አቅም» ከሁሉ ይልቅ ተዘውትሯል። ነገር ግን የገንዘብ አቅም፣ የሰው አቅም፣ የማምረት አቅም እየተባለ ሰፊ ስለሆነ ባትሪው ስለሚይዘው ይሁን ስለሚሰጠው አይለይም። በፊዚክስ ጽሑፎችም ኃይል፣ ጉልበትና አቅም የሚባሉት ሦስቱ ቃላት ከመጽሐፍ መጽሐፍ ቦታ ሲለዋወጡ እናያለን። በዚህ ረገድ የመሥሪያ ቤቶቻችን ስም እንኳ አይመራንም፤ አንዱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል ሌላው የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተብሏል፤ ሕዝቡም ሁለቱንም ትቶ «መብራት ኃይል» የሚለውን የቆየ ስም ይዟል። የቃላቱን ክርክር በዚህ ጽሑፍ ለመፍረድ አንነሣም። የምንለው እንዲህ በሚዋልል መሠረት ላይ የባትሪን ልክ መትከል አይገባም ነው።

«የባትሪ ጤና» በእጅ ስልኮች ምክንያት የተለመደ ነው። ለሰው ጆሮ ቅርብ ነው፤ ለማስታወቂያም አይከፋም። ይሁን እንጂ ጤና ሲጎድል ይመለሳል፤ የታመመ ይድናል። አተላው የተጋገረበት ባትሪ ግን አይድንም። ደግሞም ጤና የሚለው ስለ ይዘት፣ ስለ ድካምና ስለ ደኅንነት በአንድነት የሚነገር ስለሆነ «ጤናው 75 በመቶ ነው» ሲባል ከሦስቱ የትኛው እንደ ተለካ አይታወቅም። ለውል አይበቃም።

ከያዘ የሚገኙት ስሞች ሦስት ናቸው፤ መያዣ፣ ይዞታና ይዘት። መያዣ በሕግ የብድር ዋስትና ነው፤ «የባትሪ መያዣ» በአንድ ውል ውስጥ ቢገባ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። ይዞታ በመሬት ተይዟል፤ ሁኔታ ማለትም ይሆናል። የሚቀረው ይዘት ነው። በይዘት ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው የመጽሐፍ ይዘት፣ የንግግር ይዘት ሲባል በውስጡ ያለውን ጉዳይ ማመልከቱ ነው፤ ይህ ግን የርእሰ ጉዳዩ ርቀት ብቻውን የሚከላከለው አሻሚነት ነው። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው። በሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ይዘት ማለት ርዝመት በወርድና በቁመት ተባዝቶ የሚገኘው መጠን ነው፤ ስለዚህ «የባትሪው ይዘት» ሲባል በሊትር ወይም በሜትር ኩብ የሚለካው ሊመስል ይችላል። የእኛ መልስ የሒሳቡ ይዘት ራሱ ከዚሁ ከመያዝ የመጣ መሆኑ ነው፤ ዕቃ የሚይዘው ልክ ማለት ነው። በባትሪ ላይ ሲነገር የሚያዘው ነገር ተለወጠ እንጂ ፅንሰ ሐሳቡ አልተለወጠም፤ መለኪያው አብሮ ከተጻፈም አያሳስትም። የባትሪው አካል የሚይዘውን ቦታ መናገር ለሚያስፈልገው ሰው ግዝፈት የሚል ቃል አለ። ስለሆነም ይዘት የሚለውን እንመርጣለን፤ ሕዝቡ «አይዝም» እያለ ግሱን አስቀድሞ ሰጥቶናልና ከአፍ ወደ ወረቀት ሲሻገር ሥሩ አይቋረጥም።

ባትሪው በአንድ ሰዓት ያለበትን ደረጃ፣ ማለት በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን መቶኛ፣ «ሙላት» ብለነዋል። የወንዝ ሙላት የሚለው አነጋገር ስላለ ቃሉ ለጆሮ አዲስ አይደለም። በአንዳንድ የፊዚክስ ጽሑፎች ለኤሌክትሪክ ባሕርይ የተሰጠው «ሙል» ከዚሁ ሥር የወጣ ስለሆነ ዝምድናው ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ መለየቱ ግን ግድ ነው። ሙል በኩሎምብ የሚለካ ብዛት ነው፤ ሙላት ደግሞ መቶኛ ነው። «ቻርጅ» ከሚለው የውሰት ቃል ጋር ጠብ የለንም። ቻርጅ አደረገ፣ ቻርጀር፣ ቻርጅ ላይ ነው እየተባለ ተዋሕዷል፤ በንግግር ይቆይ። በጽሑፍ ለድርጊቱ መሙላት፣ ለደረጃው ሙላት ማለት ይበቃል።

ለመኪናው ዓይነት መጠሪያ ብዙ መከራከር አንፈልግም። ዲቃላ የሚለው ስድብ ስለሆነ አይሆንም፤ ከዚያው ሥር የወጣው «ድቅል» ለእህል ዘር ሊስማማ ይችላል፤ በመኪና ላይ ግን ሕዝቡ ሃይብሪድ ብሏል። «ሰካ» የሚለው ግስ ግን በየቤቱ ለሶኬት ስለሚነገር «ተሰኪ ሃይብሪድ» ማለት ከሌላው ሃይብሪድ ለመለየት ይረዳል። በነገራችን ላይ ይህ መኪና ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ልዩ ደስታ አለው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬን፣ ጎማ እያለ ከጣልያንኛ የተዋሰው የጋራዥ አማርኛ በኤሌክትሪክ መኪና ከፊሉ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ማርሚታ የሌለው መኪና ማርሚታ አያስጠግንምና። ተሰኪ ሃይብሪድ ግን የአሮጌውንም የአዲሱንም መዝገበ ቃላት በአንድ ኮፋኖ ሥር ይዞ ይዞራል።

ከባዱ ምርጫ የይዘትን ማነስ መሰየም ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ቃል «ጉድለት» ነው፤ ሚዛን ጎደለ፣ ስፍር ጎደለ ይባላልና። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ መሆኑ ስለ ተደነገገ ቃሉ በሕግ ቋንቋ የጸና ትርጉም አለው። ዐሥር ዓመት ያገለገለ ባትሪ ከሚይዘው ሩቡን ቢያጣ ይህ በባሕርዩ የሚጠበቅ እርጅና ነው። ተርጓሚው «የይዘት ጉድለት» ብሎ ቢጽፍ፣ ሳያስበው፣ የተፈጥሮ እርጅናን በሕግ ጉድለት ከሚባለው ጋር ያስቆጥረዋል፤ ወይም በተቃራኒው እውነተኛው የፋብሪካ ጉድለት እንደ እርጅና እንዲታለፍ መንገድ ይከፍታል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳ ሰው አለ። «ቅናሽ» በገበያ የዋጋ ነው። «ቅነሳ» ደግሞ ቀናሽ ይፈልጋል፤ የሠራተኛ ቅነሳ እንደሚባለው አንድ ሰው አስቦ የሚያደርገው ነገር ይመስላል። እኛ «መመንመን» የሚለውን እናቀርባለን። ደን መነመነ፣ ሀብት መነመነ፣ በሽተኛ መነመነ ይባላል፤ ግሱ ባለቤት የማይሻ፣ ቀስ በቀስ የሚሆን፣ በዐይን ወዲያው የማይታይ ነገርን ያመለክታል። «የይዘት መመንመን» ስንል ይህን ሁሉ እናገኛለን። ግሱ ከሥጋ ጋር ስለሚያያዝ ለባትሪ አይስማማም የሚል ቢኖር የሀብትንና የደንን ምሳሌ እናስታውሰዋለን።

የቃላት ፈተና ሥራ ላይ ስለሆነ አሁን ምርመራውን ራሱን በእነዚህ ቃላት እንናገረው። በ2013 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ የወጣው የሚትሱቢሺ አውትላንደር ተሰኪ ሃይብሪድ የባትሪ ቮልቴጅ 300 ቮልት፣ ይዘቱም 40 አምፔር ሰዓት ነበር፤ ሁለቱ ሲባዙ 12,000 ዋት ሰዓት፣ ማለት 12 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህን «የተመዘገበ ይዘት» እንለዋለን። ነገር ግን እንዲህ ያለ መኪና ባትሪው እንዳይጎዳ ሲል ከላይም ከታችም ጥቂት አስቀርቶ መካከለኛውን ብቻ ይሠራበታል። መካከለኛው «የተፈቀደ ይዘት» ነው። የተፈቀደው ከተመዘገበው 80 በመቶ ነው ብለን ለምሳሌ ብንወስድ 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ባለቤቱ መኪናውን ባትሪው አልቆ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ይነዳና ወደ ቤቱ ተመልሶ ይሰካዋል፤ ከሶኬቱ ጋር ባገናኘው ትንሽ ቆጣሪም እስኪሞላ የገባውን ያነባል። ቆጣሪው 8.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢያሳይ ይህ ሁሉ ባትሪው ውስጥ ገባ ማለት አይደለም፤ ከፊሉ በመሙያው ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ብክነቱን 15 በመቶ ብንገምት 7.2 ያህል ይቀራል፤ «የአሁን ይዘት» ይህ ነው። 7.2 ለ9.6 ሲካፈል 75 በመቶ ይመጣል። እንግዲህ የዚህ መኪና ሙላት 100 በመቶ ነው፤ ይዘቱ 75 በመቶ ነው፤ የይዘቱ መመንመን 25 በመቶ ነው። በሾላው ሻጭ አነጋገር ግን ሦስቱም «ባትሪው» ናቸው።

ስሌቱ በግምት ላይ የቆመ መሆኑን ልብ ይሏል። የብክነቱ ልክ እንደ መሙያውና እንደ ኮረንቲው ብርታት ይለያያል። ከዚህም በላይ አንዳንድ አምራቾች ባትሪው ሲያረጅ ከላይና ከታች ካስቀሩት ላይ ቀስ በቀስ እየለቀቁ የተፈቀደው ይዘት እንዳይመነምን ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ የመነመነው ነገር የተጠባባቂው እንጂ የተፈቀደው አይደለም። ሦስቱን ይዘቶች በሦስት ቅጽል ለይተን ካልጠራናቸው ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ መጻፍ ባልተቻለም ነበር።

ባትሪው በአንድ ሙላት የሚያስኬደውን ርቀት መለካት ቆጣሪ የሌለው ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ግን ያስቸግራል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁል የሚወርድ ሃይብሪድ እየሄደ ባትሪውን ይሞላል፤ ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ እጥፍ ድርብ ይፈጃል። ስለዚህ ልኬቱ ደርሶ መልስ፣ በአንድ ዓይነት አነዳድ፣ ከመገናኛ ተነሥቶ መገናኛ የሚያበቃ ካልሆነ የሚለካው መልክአ ምድሩን ነው። ዳሽቦርዱ የሚያሳየው የቀሪ ኪሎ ሜትር ቁጥርም ያለፈውን አነዳድ ተመርኩዞ የሚሰላ ትንበያ ነው፤ ትላንት ቁልቁል ለነዳ ሰው ዛሬ ብዙ ተስፋ ይሰጣል። ተርጓሚዎች ይህን ቁጥር «ቀሪ ርቀት» ብለው እንዳይወስኑት፣ «የሚገመት ርቀት» እንዲሉት እናሳስባለን።

በመመርመሪያ መሰኪያው የሚገናኝ ስካነር የመኪናው ኮምፒውተር የገመተውን ይዘት በአምፔር ሰዓት፣ የየሴሉንም ቮልቴጅ ያነባል። የሴሎቹ ልዩነት መታየቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በተከታታይ ከተያያዙት መካከል ደካማው ሴል ሲያልቅ ሌሎቹ ቢኖራቸውም ሁሉም ይቆማሉና። ይሁን እንጂ በአንዳንድ መኪኖች የኮምፒውተሩን የቆየ መዝገብ ቢያጠፉት ይዘቱን ለጊዜው እንደ አዲስ ሊናገር ይችላል። እዚህ ላይ የቃል ጥንቃቄ ከገንዘብ ጋር ይገናኛል፤ በውል ውስጥ «የተነበበ ይዘት» እና «የተለካ ይዘት» ሊለያዩ ይገባል።

ይህ ልዩነት የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ተሽከርካሪዎችን የሚመለከተው መድረክ በ2022 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው 22ኛው ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደንብ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱትንም ተሰኪ ሃይብሪዶችንም ይመለከታል። ደንቡ የባትሪው ኢነርጂ በ5 ዓመት ወይም በ100,000 ኪሎ ሜትር ከተመሰከረለት 80 በመቶ፣ በ8 ዓመት ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር 70 በመቶ እንዳያንስ በዝቅተኛ ልክነት አስቀምጧል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። በስም አወጣጡም «ጤና» የሚለውን ሰፊ ቃል ትቶ፣ መቶኛው ከምን እንደሚቆጠር በስሙ ውስጥ አግብቶታል፤ በአዲስነቱ ከተመሰከረለት ኢነርጂ ማለቱ ነው። የደንቡን ሐሳብ በእኛ አጠራር «ከተመዘገበ ይዘት የአሁን ይዘት» ብሎ መመለስ ይቻላል።

አሁን በዋስትና ወረቀቶች ላይ የሚገኘውን አንድ የተለመደ ድንጋጌ እንውሰድ፤ ባትሪው በስምንት ዓመት ውስጥ ከ70 በመቶ በታች ከሆነ አምራቹ ይጠግናል ወይም ይለውጣል የሚለውን። «ባትሪው ከ70 በመቶ በታች ሲወርድ» ተብሎ ቢተረጎም፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ሙላት ነው ብሎ ይረዳዋል፤ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነውና ዋስትናው ትርጉም ያጣል። «የባትሪው አቅም ከ70 በመቶ በታች ሲሆን» ቢባል፣ መኪናዬ ዳገት አልወጣ አለ የሚል ባለቤት ይዘቱ ሙሉ ሳለ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ አምራቹም ይዘቱ መንምኖ ሳለ ብርታቱ ደኅና ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። እኛ የምናቀርበው እንዲህ ነው፤ «ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ሲለካ የአሁን ይዘቱ ከተመዘገበው ይዘት ከ70 በመቶ ያነሰ እንደ ሆነ»። ይረዝማል፤ ነገር ግን ማን ምን እንደ ለካ፣ ከምን እንደ ተቆጠረ ይናገራል። ዋስትናው የተጻፈው በተፈቀደው ይዘት ላይ ከሆነ ተርጓሚው «የተመዘገበ» የሚለውን ከራሱ እንዳያገባ ከመነሻው ጽሑፍ ማመሳከር አለበት፤ ሁለቱ በምሳሌያችን ላይ የ2.4 ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት አላቸው።

ስለ መለኪያዎቹ አጻጻፍ አንድ ነገር ይቀራል። አምፔር ሰዓትና ኪሎዋት ሰዓት ሁለቱም ይዘትን ስለሚለኩ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሲቀያየሩ እናገኛለን። በአምፔር ሰዓት የተነገረ ይዘት ቮልቴጁ አብሮ ካልተጻፈ ከኪሎዋት ሰዓቱ ጋር አይነጻጸርም፤ 40 አምፔር ሰዓት በ300 ቮልት 12 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ያው 40 አምፔር ሰዓት ሞተር በሚያስነሣው የ12 ቮልት ባትሪ ላይ 480 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። «ኪሎዋት በሰዓት» የሚለው አጻጻፍም መወገድ አለበት፤ «በሰዓት» ሲባል፣ ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚባለው፣ ማካፈልን ያመለክታል፤ እዚህ ግን ኪሎዋትና ሰዓት ይባዛሉ። በአጭሩ ሲጻፍ ኪ.ዋ.ሰ. እና አ.ሰ. ይሁን።